«ፈርሚ» ያልኳት ቀን

ታክሲ ነጂ ብዙ ይሰማል፣ ጥቂት ይናገራል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የቤቱንና የመሥሪያ ቤቱን ገመና ሲዘረግፍ እኔ መሪዬን ይዤ ዝም ነው። ዛሬ ግን ተራው የእኔ ነውና ጥቂት ልናገር። የምናገረውም የሌላ ሰው ገመና ሳይሆን የራሴን ጥፋት ነው። እናንተም ምናልባት አንድ ቀን ለወንድማችሁ፣ ለእህታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ «ዝም ብለህ ፈርም» ብላችሁ ከሆነ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ። ቤተ ሙከራችን መስኮቱ የማይገጥም፣ ቧንቧው ሲያሻው የሚመጣ ሲያሻው የሚቀር ነበር። ይሁን እንጂ ማንም ተማሪ ጠርሙስ ከመንካቱ በፊት አንዲት ነገር ሳላስደግመው አላልፍም ነበር፤ «አሲዱን ወደ ውሃ ጨምር እንጂ ውሃውን ወደ አሲድ አትጨምር»። ውሃ ጠንካራ አሲድ ላይ ሲፈስ የሚፈጠረው ሙቀት ፈሳሹን አፍልቶ ፊት ላይ ይረጨዋልና። «ገባችሁ?» ስል ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎን!» ይላል። የክፍል ሙሉ «አዎን» ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ በአንድ እያስነሳሁ «አድርገህ አሳየኝ» እላለሁ። ያላሳየኝ ጠርሙስ አይነካም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ ያን ቀን «ፈርሚ» ያልኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የባለቤቴ ታናሽ እህት ዲቪ ደርሷት መጣች። መጥታ ሁለት ወር ሳይሞላት ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ በአንድ ሆቴል የመኝታ ክፍል ጽዳት ሥራ ተገኘላት። ቤታችን ደስታ ሆነ፤ ቡና ተፈላ፣ አገር ቤት ተደወለ። በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ልትሞላ ስትሄድ እኔው በታክሲዬ አደረስኳት። እንግሊዝኛዋ ገና ስለነበር የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ «ቢያስተረጉሙልን» ብላ ጠየቀችኝና አብሬ ተቀመጥኩ።

ወረቀቱ ብዙ ነበር። የግብር አለ፣ የባንክ አለ፣ የደንብ ልብስ አለ። በመካከሉም በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የሃያ ደቂቃ ያህል ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። እሷ ሥዕሉን አየች፤ እኔ ሰዓቴን አየሁ። ከደላስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ ደንበኛ ቀጠሮ ይዤ ነበርና። በመጨረሻ አንድ ገጽ ቀረ። ቀና ብላ አየችኝና፦

«ጋሼ፣ ይሄኛው ደግሞ ምን ይላል?» አለችኝ።

ዓይኔን ጣል አደረግሁበት። «በሥራው ስለምጠቀምባቸው ኬሚካሎች ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ተረድቻለሁም» ይላል።

«የደኅንነት ነገር ነው፤ ሁሉም የሚፈርመው ነው። ፈርሚ፣ ፈርሚ» አልኳት።

ፈረመች። እኔም ወደ ደላስ በረርኩ። ያቺን ቀን ከደንበኛው የተቀበልኩት ገንዘብ ምን ያህል እንደነበር እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ምን ላይ እንዳዋልኩት ግን አላስታውስም።

ሥራ ከጀመረች ሁለተኛ ወሯን ሳትጨርስ በአንድ ቅዳሜ ቀን ባለቤቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ቅዳሜ እንግዳ የሚወጣበትና የሚገባበት ቀን ስለሆነ ጥድፊያው ብርቱ ነው። እህታችን አንድ መጸዳጃ ስታጸዳ በተሰጣት ፈሳሽ ቆሻሻው አልለቅ ይላታል። በጋሪዋ ላይ ሌላ ጠርሙስ ነበረ፤ ከትልቅ ጀሪካን ተገልብጦ የመጣ፣ ስም ያልተጻፈበት። ስታሸተው በረኪና ነው። በረኪናን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እናቷ ነጠላ ያነጡበት፣ ወለል ያጠቡበት ነው። ያን ደረበችበት፤ በሩንም ሽታው ወደ ኮሪደር እንዳይወጣ ገርበብ አደረገችው።

የመጀመሪያው ፈሳሽ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት የመጸዳጃ ማጽጃ ነበር። አሲድና በረኪና ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 ቤልጅግ ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ የጀርመን ጦር በተቃራኒው ምሽግ ላይ የለቀቀው ያው ጋዝ ነው። መጠኑ ይለያያል እንጂ ጠባዩ አንድ ነው፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ደረትን ያፍናል፣ ሲብስም ከሰዓታት በኋላ ሳንባ ውኃ እንዲቋጥር ያደርጋል። ይህን ትምህርት ለስንት ክፍል ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬአለሁ! በራሴ ቤት ለምትኖር እህት ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ከሳልቫዶር የመጣች የሥራ ባልደረባዋ ሳሏን ሰምታ ወደ ኮሪደሩ ጎትታ አወጣቻት። በዚያ ክፍል ውስጥ ትክክለኛውን ነገር ያደረገች እሷ ብቻ ነበረች፤ የመጀመሪያው እርዳታ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ነውና። እህታችን ሆስፒታል ሁለት ሌሊት ተኛች። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ድምፅዋ ግን ለወራት ሻካራ ሆኖ ቀረ፤ ደረጃ ስትወጣ ሳል ይይዛት ነበር።

በሳምንቱ ሆቴሉ ጠራን። የፎቁ ኃላፊ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ሠልጥናለች፤ ይኸው ፊርማዋ» አለ። ያቺው ገጽ! እኔ ፈርሚ ያልኳት ገጽ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬአለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። ቢሆንም ሐፍረቴን ዋጥ አድርጌ እውነቱን ተናገርኩ። «አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። አላስተረጎምኩም። ከእናንተም ወገን ማንም ሰው ጠርሙስ አንሥቶ ይኼ ከዚህ ጋር አይገናኝም ብሎ አላሳያትም። ፊርማዋ እውነት ነው፤ የተፈረመበት ነገር ግን አልተደረገም» አልኳቸው።

የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ አንገቷን ደፋች። ክፉ ሰው አልነበረችም። በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ «ፎቅ ላይ የትኛው ኬሚካል እንዳለ ለእኔ የሚነግረኝ የለም፤ የእኔ ሥራ ወረቀቱ መሙላቱን ማየት ነው» አለችኝ። አንባብያን ሆይ፣ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሚቀጥረው ክፍል አደጋውን አያውቅም፤ አደጋውን የሚያውቀው ኃላፊ ቅጥሩ ላይ የለም፤ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ቋንቋ የማታውቅ አንዲት ልጅ ትወድቃለች።

ከዚያ ወዲያ መምህርነቴ ተመልሶ መጣብኝ። ደንበኛ እስኪመጣ በቆምኩበት ሁሉ ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትንም እነሆ።

ይህች አገር የሥራ ደኅንነትና ጤና ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1970 ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ፈረሙበት፤ በተከታዩም ዓመት ኦሻ እየተባለ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። ሕጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠቃለል፣ አሠሪ ለሠራተኛው ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ከሚያደርስ ከታወቀ አደጋ የጸዳ የሥራ ቦታ ማቅረብ አለበት ይላል። ስለ ኬሚካል የወጣው ደንብ ደግሞ ከ1983 ጀምሮ ያለ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ጠርሙስ ሁሉ ስሙና አደጋው ሊጻፍበት ይገባል፤ ገልባጩ ራሱ ወዲያው ካልተጠቀመበት በስተቀር ከጀሪካን የተገለበጠውም ጭምር። የእያንዳንዱ ኬሚካል መግለጫ ወረቀት ሠራተኛው በቀላሉ የሚያገኘው ቦታ መቀመጥ አለበት። ሥልጠናውም ሠራተኛው በሥራው ላይ ሲመደብ እንጂ አደጋ ከደረሰ በኋላ አይደለም።

የሚደንቀውን ልንገራችሁ። ኦሻ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ ሥልጠና ሲባል ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋና ቃል የተሰጠ ማለት ነው ብሎ አስረግጧል። አሠሪው የሥራ ትእዛዝ በስፓኒሽ ወይም በአማርኛ የሚሰጥ ከሆነ ሥልጠናውንም በዚያው መስጠት አለበት፤ ማንበብ ለማይችል ሰው የሚነበብ ወረቀት መስጠት ሥልጠና አይባልም። እንግዲህ ያቺ ፊርማ ሆቴሉ እንዳሰበው ጋሻ አልነበረችም ማለት ነው።

ይህ ሕግ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል በተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ እንደኛ ስደተኞች። ከመውጫዎቹ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር። ያን ዕለት ከመንገድ ላይ ቆማ ልጆቹ ከመስኮት ሲወድቁ ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት በ1933 የአሜሪካ የሥራ ሚኒስትር ሆነች። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም የማያነበው የሠራተኛ መብት ማስታወቂያ ጀርባው ላይ የእነዚያ ልጆች ስም አለ ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

አሁን ወደ እኛው ልመለስ። ከእኛ መካከል ዛሬ ተቀጣሪ ብቻ የለም። ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ሥጋ ቤት ከፍቶ፣ የአረጋውያን ተንከባካቢ ድርጅት አቋቁሞ፣ የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ ሆኖ የሚቀጥርም ብዙ ነው። በታክሲዬ ያሳፈርኩት አንድ ባለ ምግብ ቤት ወዳጄ ይህን ታሪክ ስነግረው «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሁላችንም ቤተሰብ ነን» አለኝ። ቤተሰብ መሆን መልካም ነው። ነገር ግን የባለቤቴ እህትም ቤተሰብ ነበረች፤ ቤተሰብነቴ አላዳናትም። እንዲያውም በይሉኝታ የተነሣ «አላወቅሁም፣ አሳየኝ» ለማለት የሚከብደው ከማያውቁት ሰው ይልቅ ከዘመድ ዘንድ ነው። የፈላ ዘይት የዘመድ ልጅ አይለይም።

ስለዚህ የምትቀጥሩ ወገኖቼ፣ እንደ ድሮው መምህር ጥቂት ነጥብ ልጻፍላችሁ።

አንደኛ፤ ከመቅጠራችሁ በፊት ሥራው ያለበትን ቦታ ራሳችሁ ዞራችሁ እዩ። ምን ያቃጥላል? ምን ይቆርጣል? ምን ያንሸራትታል? ይህን ሳታውቁ ቅጥር ወረቀት ማስሞላት ካርታ ሳይዙ መንገድ መምራት ነው።

ሁለተኛ፤ ሰውየውን ሥራ ሳትሰጡት «ወገብህን ያምሃል? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ከዚህ ይከለክላል። የጤና ምርመራ የሚጠየቀው ሥራው ከተሰጠው በኋላ፣ ለዚያ ዓይነት ሥራ የሚገባውን ሁሉ እኩል የሚመለከት ከሆነ ነው። «ይህን ሥራ መሥራት ትችላለህ?» ማለት ግን ይቻላል።

ሦስተኛ፤ ሥራው የሚጠይቀውን ጓንት፣ መነጽርና የመሳሰለውን የሚገዛው አሠሪው ነው። እንደ ተራ የደኅንነት ጫማ ያሉ ጥቂት ነገሮች ሲቀሩ ዋጋውን ከሠራተኛው ደመወዝ መቁረጥ አይፈቀድም።

አራተኛ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የሥጋ መቁረጫ ማሽን ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዲነካ የፌዴራል ሕግ አይፈቅድም፤ ማጠብም ቢሆን። «ከትምህርት ቤት መልስ ይርዳኝ» ብላችሁ የወንድማችሁን ልጅ ማሽኑ አጠገብ የምታቆሙ ሁሉ ይህን አስቡ።

አምስተኛ፤ ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ቢሞት በ8 ሰዓት ውስጥ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ቢታከም፣ አካሉ ቢቆረጥ ወይም ዓይኑ ቢጠፋ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኦሻ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ሱቁ ትንሽ ነው ማለት ከዚህ አያድንም። ከ10 በላይ ሠራተኛ ያለው ደግሞ፣ ሕጉ ነጻ ካደረጋቸው አንዳንድ ዘርፎች በስተቀር፣ የጉዳት መዝገብ መያዝና የዓመቱን ማጠቃለያ ከየካቲት 1 እስከ ሚያዝያ 30 በፈረንጅ አቆጣጠር ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

ስድስተኛ፤ ሠራተኛ በኤጀንሲ በኩል ቢመጣላችሁም «የኤጀንሲው ነው» ብላችሁ አታምልጡ። ኦሻ ኃላፊነቱን በሁለቱም ላይ ነው የሚጥለው።

ሰባተኛውና የመጨረሻው የእኔው የድሮ ሕግ ነው፤ «አድርገህ አሳየኝ»። ከዚያ በኋላ ይፈርም።

ተቀጣሪ የሆናችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። የማታውቁትን ወረቀት «ነገ አንብቤ አመጣለሁ» ማለት ነውር አይደለም። አደጋ አይታችሁ አለቃችሁን ብትነግሩና ባይሰማ፣ በ1-800-321-6742 ለኦሻ መደወል ትችላላችሁ፤ ስማችሁ ለአሠሪው እንዳይነገር መጠየቅም ይቻላል። በዚህ ምክንያት ብትባረሩ ወይም ሰዓታችሁ ቢቀነስ ግን አትዘግዩ፤ በፌዴራሉ ሕግ አቤቱታ ማቅረቢያው 30 ቀን ብቻ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስላላቸው እዚያ የምትሠሩ እነሱን ጠይቁ። መርዝ ወይም ጋዝ ነገር ካጋጠማችሁ ደግሞ የመርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ሌት ተቀን ይመልሳል፤ መተንፈስ ያቃተው ሰው ካለ ግን ቀጥታ 911 ነው።

«አንተስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔ የራሴ አሠሪ ነኝ፣ ሕጉም ለራሱ የሚሠራውን ሰው አይሸፍንም። ታክሲ ነጂ ማታ ከማያውቀው ሰው ጋር ብቻውን፣ ገንዘብ ይዞ የሚሠራ ስለሆነ በሥራ ላይ ከሚገደሉት ሠራተኞች ጋር ሲነጻጸር አደጋው እጅግ ከፍ ያለ እንደሆነ ኦሻ ራሱ ጽፏል። እኔም በቀን አሥራ አራት ሰዓት እየነዳሁ፣ ወገቤ እያቃሰተ፣ ለራሴ «ፈርም፣ ፈርም» የምል ክፉ አሠሪ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ሰዓት ስሞላ ቁልፉን አወጣለሁ። ገቢው ቀንሷል፤ ባለቤቴ ግን አልተቆጣችም።

የሆቴሉስ ነገር? የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ ጠርሙሶቹን እፊቷ ደርድራ አዲስ ገቢዎችን በየቋንቋቸው በአስተርጓሚ ታሠለጥናለች ብለው የቀድሞ ባልደረቦቿ ነግረውናል። እህታችን ግን ወደዚያ ቤት አልተመለሰችም። ባለፈው ዓመት ሌላ ሥራ አገኘች፤ እኔው በታክሲዬ አደረስኳት። እንግሊዝኛዋ ዛሬ ከእኔ ባይሻል አያንስም። ወረቀቱ ፊቷ ሲቀርብ ብዕሩን አስቀመጠችና ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ቆመው ነበር። እኔም ልማዴ ሆኖ እጄን ወደ ሰዓቴ ሳነሣ አየችኝና ፈገግ ብላ፦

«ጋሼ፣ ዛሬስ አይቸኩሉ» አለችኝ።

እጄን አወረድኩ። ወጥቼም ሞተሩን አጠፋሁ።

ቸር ያሰንብተን።